የትንሿ ድመት አባት፦ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ)



ብዙዎቻችን ተሰባስበን በምንኖርባቸው ቤቶች ድመት አትጠፋም። አይጥ ስትይዝልን እንወዳታለን። ምንጣፍ ስትቧጭር፣ ክሩን ስትመዝ፣ ባስ ሲልም መስገጃ ላይ ስትሸና ግን ጠብ ይነሳል። አንዱ በጆንያ ከተን ሩቅ እንጣላት ይላል። ሌላው ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት ትዋል ይላል። ሦስተኛው ድመት ነጃሳ ናት ብሎ የነካችውን ሁሉ ሊያስጥል ይነሳል። በዚህ እትም ሕይወታቸውን የምናወሳው ሶሐባ ስማቸውን ያገኙት ከድመት ነው። ካስተላለፉልን ሐዲሶች መካከልም ለዚህ ጠባችን መፍትሔ የሚሆኑ አሉ።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከየመን ወገን የሆነው የደውስ ጎሳ ልጅ ናቸው። በብዙ ዑለማዎች ዘንድ በታወቀው መሠረት፣ ከመስለማቸው በፊት ስማቸው ዐብዱ ሸምስ ነበር፤ ከሰለሙ በኋላ ዐብዱረሕማን ተባሉ። ዓለም የሚያውቃቸው ግን በቅጽል ስማቸው ነው። ቲርሚዚ እንደዘገቡት፣ የቤተሰባቸውን በጎች ሲጠብቁ አንዲት ትንሽ ድመት ነበረቻቸው። ማታ ዛፍ ላይ ያሳድሯታል፤ ሲነጋ ይዘዋት ወጥተው ያጫውቷታል። ይህን ያዩ ሰዎች አቡ ሁረይራ፣ ማለትም የትንሿ ድመት አባት አሏቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) አባ ሂር እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ወደ መዲና የመጡት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት ነው። መዲና ላይ ንግድም እርሻም አልነበራቸውም። ማደሪያቸው ሱፋ ነበር፤ ይኸውም በነቢዩ መስጂድ ጥግ ለድሆችና ለዒልም ፈላጊዎች የተሠራ ጥላ ነው። እሳቸው ራሳቸው እንዳወሩት፣ ከሱፋ ሰዎች መካከል ሰባ የሚሆኑትን አይተዋል፤ አንዳቸውም ከላይ የሚደርቡት ኩታ አልነበራቸውም። የነበራቸውን አንድ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስረው፣ ሐፍረታቸው እንዳይታይ በእጃቸው ይዘው ይሰግዱ ነበር። ዛሬ ስለተቧጨረ ምንጣፍ የምንጣላ ተማሪዎች ይህን ማስታወሱ ይጠቅመናል።

ረሃቡም ከባድ ነበር። አንዳንዴ በሚንበሩና በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ክፍል መካከል ራሳቸውን ስተው ይወድቁ ነበር፤ የሚያልፍ ሰውም ያበዱ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ተርበው ሳለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ዕቃ ወተት አገኙና የሱፋን ሰዎች እንዲጠሩ አዘዟቸው። ለእኔ ምን ይተርፈኛል የሚል ሐሳብ ቢመጣባቸውም ሄደው ጠሩ። ወተቱን ለእያንዳንዱ በተራ ሲያቀብሉ ሁሉም ጠጥቶ ጠገበ። ከዚያ እሳቸው ጠጡ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደጋግመው ጠጣ ስላሏቸውም ቦታ እስኪያጡ ጠጡ። የመጨረሻውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠጡት።

እናታቸው ለረጅም ጊዜ እስልምናን አልተቀበሉም ነበር። አንድ ቀን ስለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ክፉ ተናገሩባቸው። አቡ ሁረይራም እያለቀሱ ሄደው ዱዓ እንዲደረግላቸው ጠየቁ። ዱዓው ተደርጎላቸው ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ አገኙት፤ ከውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል። እናታቸው ታጥበው፣ በሩን ከፍተው ሸሃዳ ያዙ። ይህን ጊዜ አቡ ሁረይራ በደስታ አለቀሱ።

ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር የኖሩት ሦስት አራት ዓመት ያህል ቢሆንም ከእሳቸው የተላለፈው ዒልም እጅግ ብዙ ነው። በበቂይ ኢብን መኽለድ ስብስብ ከእሳቸው የተዘገቡት፣ የተደጋገሙትን ጨምሮ፣ 5374 ናቸው። ከነዚህ ሦስቱ የጠባችንን ነገር ይመለከታሉ።

አንደኛው፣ ድመት አስራ ሳታበላት፣ የምድር ነፍሳትን እንኳ ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለሞተችባት ሴት ነው። ሴቲቱ በዚህ ምክንያት እሳት ገባች። ክፍል ውስጥ ዘግተንባት ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ የምንሄድ፣ በጆንያ አስረን ምግብ ከማታገኝበት ቦታ የምንጥል ከሆነ ነገሩ ያንኑ ይመስላል። ድመት ማሳደግ ግዴታ የለብንም። የማንፈልጋት ከሆነ ለሚፈልጋት መስጠት ይቻላል። ማሰቃየቱ ግን አይፈቀድም።

ሁለተኛው፣ በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ ጉድጓድ ስለወረደው ሰው ነው። ጫማውን ውኃ ሞልቶ አጠጣው፤ አላህም ማረው። ለእንስሳ የምናደርገው በጎ ነገር አጅር አለው።

ሦስተኛው፣ መስጂድ ውስጥ ስለሸናው የገጠር ዐረብ ነው። ሶሐባዎች ተቆጥተው ሲነሱበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተዉት ብለው ባልዲ ውኃ እንዲፈስበት አዘዙ፤ የተላኩትም ለማግራራት እንጂ ለማጥበብ እንዳልሆነ ነገሯቸው። በመስጂድ መሬት ላይ ለሸና ሰው ይህ ከተደረገ፣ ለማታውቅ እንስሳማ ቁጣችን ምን ይጠቅማል?

ስለ ነጃሳው ጥያቄ ደግሞ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ አለ። የውዱእ ውኃቸውን ድመት ስትጠጣ ዕቃውን አዘንብለውላት፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በዙሪያችን ከሚመላለሱት አንዷ እንደሆነች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ተናግረዋል። ስለዚህ ተኝታበት ባደረችው መስገጃ መስገድ ይቻላል። ሽንቷ ግን በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ነጃሳ ነው። የነካውን ቦታ ቶሎ በጨርቅ አድርቀን ሽታው እስኪለቅ በውኃ ማጠብ አለብን፤ ሽታው ከቀረ እዚያው ተመልሳ ትሸናለች። አሸዋ የሞላ ሣጥን ጥግ ላይ ብናስቀምጥ ብዙ ጊዜ እሱን ትለምዳለች። ምንጣፍ የምትቧጭረው ጥፍሯን ለማደስና ምልክቷን ለመተው ነው። ግንድ ላይ ጆንያ ጠቅልለን አጠገቡ ብናቆም ምንጣፉን ልትተውልን ትችላለች።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በኋላ ዘመን ሹመት አግኝተዋል። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የበሕረይን አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ከተነሱ በኋላ ድጋሚ ሲጠየቁ እምቢ አሉ። መዲናን በውክልና ሲያስተዳድሩም እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው በገበያ ያልፉ እንደነበር ተዘግቧል። ከ57 እስከ 59 ዓመተ ሂጅራ ባለው ጊዜ፣ በ78 ዓመታቸው አርፈው በበቂዕ ተቀበሩ። ገዥም ዓሊምም ቢሆኑ የድመት ስማቸውን አልጣሉትም፤ እስከ ዛሬም የምናወሳቸው በእሱ ነው።

አላህ ለፍጥረቱ የሚያዝኑ፣ በቤታቸውም ሶብር ያላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።