ኤቲየን ትሩቭሎ፦ የሐር ትል አርቢና የሰማይ ሠዓሊ

የመጽሔታችን ዝግጅት ኮሚቴ ለዚህ እትም የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፣ አባላቱ በልባቸው ያሰቡት ታላቅ ድልድይ የሠራ ወይም አዲስ ሞተር የፈለሰፈ ሰው እንደ ነበር አልጠፋኝም። እኔ ግን የመረጥሁት በሙያው ሠዓሊ፣ በትርፍ ጊዜው የሐር ትል አርቢ፣ በኋላም የሥነ ፈለክ ተመልካች የነበረውን ፈረንሳዊ ኤቲየን ሊዮፖልድ ትሩቭሎን ነው። ስሙን መጀመሪያ ያገኘሁት በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ትቶት የሚያልፈው፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነው ምስል በእሱ ስም ይጠራል። ያ ትሩቭሎና በሰሜን አሜሪካ የደን ጠባቂዎች ስሙን በምሬት የሚያነሡት ትሩቭሎ አንድ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትሩቭሎ ዲሴምበር 26 ቀን 1827 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኤን በተባለው ክፍለ ሀገር ተወለደ። በዲሴምበር 1851 ሉዊ ናፖሊዮን ሪፑብሊኩን ገልብጦ ሥልጣኑን ሁሉ በእጁ ባደረገ ጊዜ፣ ትሩቭሎ የሪፑብሊክ ደጋፊ ስለ ነበር ቤተሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ውሎ አድሮም በማሳቹሴትስ፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሜድፎርድ ተቀመጠ። እንጀራው ሥዕልና የሊቶግራፍ ኅትመት ነበር። ከቤቱ ጓሮ ጥቂት የተፈጥሮ ደን ነበረ፤ የታሪኩ ዋና ክፍል የተፈጸመው በዚያ ደን ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን የሐር ነገር የብዙ ሰው ሐሳብ ነበር። ፔብሪን የሚባለው በሽታ የፈረንሳይንና የኢጣሊያን የሐር ትሎች እየፈጀ ስለ ነበር፣ ታላቁ ሉዊ ፓስተር ራሱ በ1865 ይህንኑ በሽታ እንዲመረምር ተልኮ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡቡን ጥጥ ከሰሜኑ ፋብሪካ ለየው። ስለዚህ በሽታ የማይበግረው፣ የአገሩን ዛፍ ቅጠል እየበላ ሐር የሚፈትል ትል ቢገኝ ትልቅ ሀብት እንደሚሆን ማሰብ የሕልመኛ ሐሳብ አልነበረም። ትሩቭሎ የአሜሪካን የዱር ሐር ፈታዮች አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ በ1860 ፖሊፌመስ የሚባለውን መረጠ።

ፖሊፌመስ በዓለም ላይ ካሉት ግዙፍ የሐር የእሳት እራቶች አንዱ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቀለሙ እንደ ደረቀ ቅጠል ቡናማ ሲሆን፣ በኋላ ክንፎቹ ላይ ያሉት ሁለት ትልልቅ የዓይን ቅርጾች ከሌሎች በቀላሉ ይለዩታል፤ ስሙም ከዚሁ የተነሣ በግሪኮች ተረት ካለው ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ሰው የተወሰደ ነው። ትሉ ለምለም አረንጓዴ ነው። በአገራችን በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል እየተመገበ የሚረባው ኤሪ የተባለው የሐር ትልም የዚሁ ወገን ዘመድ ነው። እነዚህ ነፍሳት ክንፍ ካወጡ በኋላ የሚበሉበት አፍ የላቸውም፤ ትል ሳሉ ባጠራቀሙት ስብ አንድ ሳምንት ገደማ ኖረው፣ ተራክበው፣ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ።

ለአርቢው ችግር የሚሆነው ይኸው ነው። ትሩቭሎ በመጀመሪያው ዓመት ፍለጋ ያገኘው ሁለት ትሎች ብቻ ነበር። ዘር ለማግኘት አንዱ ወንድ፣ አንዱ ሴት መሆን አለባቸው፤ ይህ ቢሳካ እንኳ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ከጎጇቸው ካልወጡ ቀድሞ የወጣው ሌላውን ሳያገኝ ይሞታል። ስለዚህ ደጋግሞ ፈለገ፤ ደጋግሞም ከሰረ። አንዲት ሴት ካገኙ በኋላ ግን ሥራው ይቀላል፤ በወንፊት ሣጥን አድርገው ሌሊት ውጭ ቢያሳድሯት፣ ወንዶቹ ላባ በመሰሉት ቀንዶቻቸው ሽታዋን ከሩቅ ተቀብለው ይመጣሉ። ይህ ዘዴ ዛሬም ግዙፍ የሐር የእሳት እራት ለማርባት ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት ነው።

በ1865 የትሩቭሎ ትሎች ቁጥር በራሱ ግምት ከአንድ ሚሊዮን አላነሰም። ሁለት ሄክታር ለሚሆን ቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ ያለው የሳንቃ አጥር አጥሮ ከላይ መረብ ዘረጋበት። መረቡ የተዘረጋው ወፎች ትሎቹን እንዳይለቅሙ ነበር። ወፎቹ ግን መግቢያ አላጡም፤ ትሩቭሎም እየዞረ መረቡን ከመጠገኑም በላይ ወፎቹን እስከ መግደል ደርሷል። እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ ለዓመታት የደከመበት ጥበብ ሁሉ በውጭ ያለው ጠላት እንዳይገባ የመከላከል ጥበብ ነበር።

ሰውየው በምርምሩ ተራ አርቢ እንዳልነበረ ለማሳየት ጥቂት ልጨምር። አንዱን ትል ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ እየመዘነ፣ በ56ኛው ቀን ክብደቱ ከመጀመሪያው ከ4,000 እጥፍ በላይ እንደሚሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚበላው ቅጠል ደግሞ ሲፈለፈል ከነበረው ክብደት 86,000 እጥፍ እንደሚደርስ አስልቷል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ይህ ጥርስ የሌለው ነፍሳት እንደ ካርቶን የጠነከረውን የሐር ጎጆ እንዴት ቀዶ ይወጣል? ትሩቭሎ ሌሊት እየተቀመጠ ሲመለከት፣ ከአፉ አካባቢ የሚፈስ ፈሳሽ የሐሩን ሙጫ እያላላ መንገድ እንደሚከፍትለት አየና በ1867 «አሜሪካን ናቹራሊስት» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ገለጸው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ፈሳሹን መርምረው ኢንዛይም መሆኑን ያረጋገጡትና ስም ያወጡለት በ1964 ነው። በመካከሉ 97 ዓመታት አልፈዋል።

በ1868 ወይም በ1869 ትሩቭሎ ከአውሮፓ የሌላ የእሳት እራት እንቁላሎች አስመጣ። ያስመጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሲነገር፣ ከሐር ትል ጋር አዳቅሎ ጠንካራ ዘር ለማግኘት ነው ይባላል፤ ሁለቱ በዘር እጅግ የራቁ ስለ ሆኑ ግን የሚዳቀሉ አይደሉም። እንቁላሎቹን ነፋስ ወሰዳቸው የሚል አለ፤ ትሎቹ ናቸው ያመለጡት የሚልም አለ። ያም ሆነ ይህ ነፍሳቱ ከሜድፎርዱ ቤት ወጡ። አዲስ የተፈለፈለው ትል ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በጥቂቱ ሐር ፈትሎ በክሩ እየተንጠለጠለ በነፋስ ይጓዛል። በወፍ ልክ የሚሠራ መረብ ለእሱ በር ነው።

በዚህ ነገር ላይ መፍረድ ይከብደኛል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት፣ ለአንድ ትራንስፎርመር ዘይት መቀበያ የተሠራውን ጉድጓድ መርምሬ ፈርሜበት ነበር። ከሥሩ የዝናብ ውኃ የሚወጣበት ቱቦ ነበረው፤ ውኃውን በደንብ አወጣ። አንድ ቀን ትራንስፎርመሩ ባፈሰሰ ጊዜ ዘይቱም በዚያው ቱቦ ወጥቶ የአንድ ገበሬ ማሳ ገባ። የቱቦው ሥራ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሌላ ምን ሊያሳልፍ እንደሚችል ግን አልጠየቅሁም።

ትሩቭሎ ያመለጠውን ነገር አልደበቀም፤ አደጋውን ተረድቶ ለነፍሳት ተመራማሪዎች አስታወቀ። በ1870ም አንድ የነፍሳት ጥናት መጽሔት ሰውየውን በስም ሳይጠራ ወሬውን በአጭሩ አወጣ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላደረገም። በዚያ ጊዜ ባዕድ ነፍሳት ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል የፌዴራል የኳራንቲን ሕግ አልነበረም፤ ሕጉ የወጣው በ1912 ነው።

ትሩቭሎ ትል ማርባቱን ተወና ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሣ። በ1870 የሰሜን ብርሃን የሚባለውን የሌሊት ሰማይ ነበልባል ሥሎ ስለ ነበር፣ የሃርቫርድ ከዋክብት መመልከቻ ዲሬክተር ሥዕሎቹን አይቶ በ1872 ወደዚያው ወሰደው። በ1875 በዋሽንግተን የሚገኘውን፣ በዚያን ዘመን በዓይነቱ በዓለም ትልቁ የነበረውን የ66 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ እንዲጠቀም ተፈቀደለት። በቴሌስኮፑ ዓይን ላይ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ መስተዋት ያደርግና እንደ እኛ የንድፍ ወረቀት ካሬ በካሬ እየለካ ይሥል ነበር። በ1878 ወደ ዋዮሚንግ ሄዶ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ተመለከተ። በዘመኑ 7,000 ያህል ሥዕሎች እንደ ሠራ ይነገራል፤ ከነዚህ ውስጥ የተመረጡት 15ቱ ከ1881 እስከ 1882 ባለው ጊዜ በኒው ዮርክ በቀለም ታትመው ወጡ። ሳተርንን ከነቀለበቷ፣ የፀሐይን ነበልባልና ጠባሳ የሚያሳዩት እነዚህ ኅትመቶች ዛሬም በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት በክብር ተቀምጠዋል።

በ1882 ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በፓሪስ አጠገብ በሜዶን የከዋክብት መመልከቻ ገባ። አለቃው ዣንሰን በፎቶግራፍ የታወቀ ሰው ነበር፤ በ1883 ለግርዶሽ አብረው እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ቢጓዙም ኋላ ተጣሉ። ፎቶግራፍ የሠዓሊን እጅ ከሥነ ፈለክ እያስወጣ በነበረበት በዚያው ጊዜ፣ በ1888፣ ይኸው ሠዓሊ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ያስቀረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው ስሙን በመሐንዲሶች መጻሕፍት ያቆየው። ትሩቭሎ ኤፕሪል 22 ቀን 1895 ሜዶን ላይ ሞተ። በጨረቃም በማርስም ላይ በስሙ የተሰየሙ ጉድጓዶች አሉ።

ሜድፎርድ ግን ገና አልተገላገለችም። የዚህ ነፍሳት ሴቷ ክንፍ እያላት አትበርም፤ ከዚህ የተነሣ ሥርጭቱ ቀርፋፋ ስለ ሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ከጎረቤት በቀር ያየው ሰው አልነበረም። አንዷ ሴት ግን በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎችን፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሺህ፣ እንደ ስፖንጅ በሚመስል ጠጉር ሸፍና ትጥላለች። በ1889 በጋ ፈነዳ። ፀጉራሙ አባጨጓሬ የፍሬውንም የጥላውንም ዛፍ ቅጠል ጨርሶ፣ ግድግዳና የእግረኛ መንገድ ሸፍኖ፣ በመስኮት አልፎ አልጋ ውስጥ ገባ፤ ሌሊት ጸጥ ሲል ቅጠል ሲያኝክ ይሰማ ነበር ይባላል። በ1890 የማሳቹሴትስ መንግሥት ነፍሳቱን ፈጽሞ ለማጥፋት ዘመቻ ጀመረ። ሠራተኞች እያንዳንዱን ዛፍ እየወጡ እንቁላል ፋቁ፣ አቃጠሉ፣ መርዝ ረጩ፤ ሊድ አርሴኔት የተባለው መርዝ ለነፍሳት ማጥፊያነት የዋለው በዚሁ ዘመቻ ነው። ትሩቭሎ በሞተበት ዓመት ዘመቻው ገና አልበረደም ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከወጣ በኋላ፣ በ1900 ተባዩ የቀነሰ በመምሰሉ ምክር ቤቱ በጀቱን አቆመ። ይህ በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያው ስሕተት የከፋ ነው፤ የመጀመሪያው ባለማወቅ ሆነ፣ ይኸኛው ግን ዘገባው በእጅ እያለ ነበር። ነፍሳቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሶ ተስፋፋ። በ1981 ብቻ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከ12 ሚሊዮን ኤከር በላይ ደን ቅጠሉን አራቆተ። የአሜሪካ የነፍሳት ጥናት ማኅበር የቀድሞውን እንግሊዝኛ ስሙን ለውጦ ከእንቁላሉ መልክ የተነሣ የስፖንጅ የእሳት እራት ያለው በ2022 ነው።

ከ1906 ጀምሮ ደግሞ ሌላ መፍትሔ ታሰበ። የአባጨጓሬው የተፈጥሮ ጠላት የሆነ ኮምፕሲሉራ የሚባል ዝንብ ከአውሮፓ መጥቶ ተለቀቀ። ዝንቡ ልጆቹን በሕያው ትል ሰውነት ውስጥ ይጥላል፤ እነርሱም ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ። ነገር ግን አባጨጓሬው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲፈለፈል፣ ዝንቡ በዓመት ብዙ ጊዜ ይራባል፤ ስለዚህ በቀሩት ወራት ሌላ ማደሪያ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ከመቶ የሚበልጡ የሌሎች ነፍሳት ዓይነቶችን እንደሚያጠቃ ታውቋል፤ ከነዚህም ውስጥ ግዙፎቹ የሐር የእሳት እራቶች ይገኙበታል። ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ የፖሊፌመስ ዘመድ የሆነውን የሴክሮፒያን 500 ትሎች በሜዳ ዛፍ ላይ አስቀምጠው ሲከታተሉ ክንፍ ለማውጣት የበቃ አንድም እንዳልተገኘ በ2000 ባወጡት ጥናት አስታወቁ፤ ለዚህም የዝንቡን ድርሻ ዋነኛ አድርገው ቆጥረውታል።

በዚያ አካባቢ ዛሬ ፖሊፌመስን የሚያረቡ ሰዎች እንቁላሉ ሲፈለፈል ትሎቹን ከነቅርንጫፋቸው በጠባብ ወንፊት ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያደርጉና አፉን በገመድ ያስሩታል። የወንፊቱ ቀዳዳ የሚመረጠው በዝንቡ ልክ ነው።