ዜና ሕይወቱ ለማኅሌታዊ ቅዱስ ያሬድ፤ ከአክሱም አደባባይ ወደ ሰሜን በረሃ

ቅዱስ ያሬድ በትውፊት እንደሚቆጠረው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓመተ ምሕረት በአክሱም ተወለደ። በልጅነቱ ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ለትምህርት ተሰጠ፤ ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው ስላለ መምህሩ ቢቀጣው ሸሽቶ ሔደ። በመንገድም ከዛፍ ጥላ ተጠልሎ ሳለ፥ አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ግንዱን ሲወጣ፥ ደጋግሞ ሲወድቅ፥ በመጨረሻም ሲደርስ አየ። ከዚህም ትዕግሥትን ተምሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ መጻሕፍትንም ጠንቅቆ ዐወቀ።

ከዚህ በኋላ፥ ስንክሳር እንደሚነግር፥ ከኤዶም ገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ የሰማያውያንን ካህናት ማኅሌት አሰሙት። እርሱም ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ አርያምን ዘመረ። ዜማውንም ግዕዝ፥ ዕዝል፥ ዓራራይ ብሎ ሠራ፤ ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕትም የእርሱ ድርሰቶች ናቸው። የአፄ ካሌብ ልጅ አፄ ገብረ መስቀል በዚያን ጊዜ ነግሦ ነበርና እጅግ አከበረው፤ መኳንንቱና ካህናቱም ሊሰሙት ይሰበሰቡ ነበር።

አንድ ቀን ንጉሡ ጦሩን ተመርኩዞ ሲሰማ፥ በዜማው ስለ ተመሰጠ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ሲፈስ ዘማሪውም አልተሰማው፥ ንጉሡም አላስተዋለ። ማኅሌቱ በተፈጸመ ጊዜ ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ስለ ደሙም ካሣ የወደደውን ይለምን ዘንድ ፈቀደለት። ያሬድም አስቀድሞ በመሐላ ካጸናው በኋላ፥ ርስትም ሹመትም ሳይሻ፥ ወደ በረሃ ሔዶ ይመነኩስ ዘንድ ስንብት ለመነ። ንጉሡ እጅግ ዐዘነ፤ ነገር ግን መሐላውን ማፍረስ አልቻለም። አባቱ ካሌብስ ዘውዱን ትቶ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገብቶ አልነበረምን?

ያሬድም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃንን ደርሶ ተሰናበተ፤ ተከዜንም ተሻግሮ በሰሜን ምድር ወደ ጸለምት ሔደ። በቤተ ክርስቲያን ልማድ በረሃ ማለት አሸዋ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጫጫታ የራቀ ቦታ ሁሉ በረሃ ይባላል። ሰሜንም ብርዱ የጸና፥ ገደሉ የከፋ አገር ነው። በዚያ ዘመድና ጓዳ ያልነበረው ሰው በጾምና በጸሎት ተወስኖ ሳለ፥ ዜማ ፈላጊ ደቀ መዛሙርት ከበቡት፤ እርሱም አስተማራቸው። ከአደባባዩ ሲወጣ ዜማውን ይዞ ወጥቶ ነበርና፥ ንጉሥ ሊሰጠው ያልቻለውን ቤተ ሰብ በረሃው ሰጠው። ገድሉንም በዚያው ፈጸመ፤ በዓሉም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

ዘሩ ግን አልተቋረጠም። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ዐዛዥ ጌራና ዐዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠሩለት፤ የጋይንት ቤተ ልሔም ድጓውን፥ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕቱን ጠበቁ። የጎጃም ዕጣ ቅኔ ቢሆንም፥ የዋሸራም የጎንጅም ባለቅኔ ቅኔውን የሚያዜመው በያሬድ ዜማ ነው። ከጅጋ፥ ከቡሬ፥ ከፍኖተ ሰላምም ገጠር ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ ከእናቱ ቤት የሚወጣ ተማሪ በያሬድ መንገድ ይሔዳል፤ በሰው አገር ጎጆ ቀልሶ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር ቁራሽ ተካፍሎ፥ መምህሩን አባት አድርጎ ይኖራል። እንግዲህ በዚህች ደብር ኢዮቤልዩ ከበሮ ሲመታ፥ ጸናጽል ሲንሿሿ የሚሰማ ምእመን፥ ዜማው ከእግር ደምና ከበረሃ ትምህርት ቤት እንደ ደረሰው ያስብ፤ በደጁ ለቆመውም ተማሪ ቁራሹን አይንፈገው።

የቅዱስ ያሬድ በረከት በደብሩ ካህናትና ምእመናን ሁሉ ላይ ይደር፤ አሜን።