ኤድዊን ባዲንግ፦ ከሱፍ ጨርቅ ወደ ሣር መስክ

በትራክተር ኋላ ተሰልፎ የሚጎተተው ጥምር የሣር ማጨጃ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። መሠረቱን የጣለው ሰው ገበሬም አትክልተኛም አልነበረም። ኤድዊን ቢርድ ባዲንግ እ.ኤ.አ. በ1796 በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሺር ግዛት፣ በስትራውድ ከተማ አካባቢ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በመጀመሪያ አናጢ ነበረ፤ ኋላ ግን በዚያ ሸለቆ የሚገኙትን የሱፍ ፋብሪካዎች መኪናዎች በመጠገንና በማሻሻል ኑሮውን መሠረተ።

ስትራውድ ለወታደር ልብስ በሚሆን ቀይ የሱፍ ጨርቅ የታወቀች ነበረች። ጨርቁ ከተሸመነና በውሃ ከታሸ በኋላ ፊቱ ላይ የሚቆመውን ጸጉር እኩል አድርጎ መከርከም የግድ ነበር። ይህ ሥራ ለብዙ ዘመን በትልቅ መቀስ በእጅ ሲሠራ ኖሮ፣ በ1815 የዚያው አካባቢ ሰው ጆን ሉዊስ በሲሊንደር ላይ የተጠመጠመ ስለት ከአንድ ቋሚ ስለት ጋር እየተገናኘ የሚከረክምበትን መኪና አስመዘገበ። የጨርቅን ፊት ማስተካከል ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ በሰበታና በዓለም ገና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሠራ ባለሙያ አይጠፋውም። ባዲንግም በዚህ መኪና ፊት ቆሞ የጨርቁን ጸጉር እንደ ሣር አየው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጨርቅ በመኪናው ሥር ተስቦ ሲያልፍ፣ ሣር ከሥሩ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ መኪናው ራሱ መሄድ፣ እየሄደም ስለቱን ማዞር ነበረበት። የባዲንግ እውነተኛ ፈጠራ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በትረፕ መንደር የፊኒክስ ብረታ ብረት ሥራ ባለቤት ከነበረው ከጆን ፌራቢ ጋር በ1830 ተዋዋለ። ፌራቢ ወጪውን ሊሸፍን፣ በምትኩም የማምረቱን፣ የመሸጡንና ለሌሎች ፈቃድ የመስጠቱን መብት ሊይዝ ተስማሙ። የፈጠራ መብቱም ኦገስት 31 ቀን 1830 ተሰጠ። እንደሚተረከው ከሆነ ባዲንግ መኪናውን የሞከረው ጎረቤት አይቶ እንዳይስቅበት በሌሊት ነበር። የመጀመሪያው መኪና 19 ኢንች ስፋት ያለው ከባድ ብረት ሲሆን፣ የኋላው ሮለር መሬት ላይ ሲንከባለል በጥርስ እየተቀባበለ ስለቱን ያፈጥነዋል፤ ከፊቱም ሁለተኛ ሰው የሚስብበት እጀታ ነበረው። ከቀደምት ገዢዎች መካከል በለንደን የሪጀንት ፓርክ የእንስሳት ማቆያና የኦክስፎርድ ኮሌጆች ይገኙበታል። በ1832 የኢፕስዊቹ ራንሰምስ በፈቃድ ማምረት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ስፋቱ አደገ። የስኮትላንዱ አሌክሳንደር ሻንክስ በ1842 በፈረስ የሚሳብ ማጨጃ አስመዘገበ፤ የፈረሱም ኮቴ ሣሩን እንዳይጎዳ የቆዳ ጫማ ይለብስ ነበር። በ1910ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ቻርልስ ዎርዚንግተን ለራሱ የጎልፍ ሜዳ ሲል ሦስት ማጨጃዎችን በአንድ ማዕቀፍ አያይዞ አስጎተተ። ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ በመካከላቸው የቀረውን ሣር እንዲለቅም ተደረገ። ኋላ ቁጥሩ አምስትም ሰባትም ሆነ።

በእነዚህ አሮጌ ተጎታቾች ላይ እጁን የሚያሳርፍ መካኒክ የሚያገኘው ያንኑ የባዲንግን አሠራር ነው። ማጨጃው የራሱ ሞተር የለውም፤ ስለቱን የሚያዞረው የመሬት ጎማው ነው። በመሆኑም ትራክተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም በአንድ ሜትር ላይ የሚያርፈው የስለት ብዛት አይለወጥም። ጎማው እየዞረ ስለቱ ቢቆም ግን በቅድሚያ መታየት ያለበት በጎማው እምብርት ውስጥ ያለው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው ጥርስ ነው፤ አሮጌ ግራሶ ደርቆ ያጣብቀዋልና። ቀጥሎ ኩሽኔታው ይፈተሻል። የሚወዛወዝ ሲሊንደር ስለቱ የቱንም ያህል ቢሳል አይቆርጥም። ያለቀ ቡሽ ከሆነም በቡራዩ እንዳሉት ባሉ ቶርኖ ቤቶች ሊሠራ ይችላል።

ስለቱ የሚሳለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲሊንደሩ ወደ ኋላ እየዞረ በዘይት የተለወሰ የሚሞርድ ዱቄት ይቀባል፤ ታጥቦም በቋሚው ስለት ላይ ከዳር እስከ ዳር ወረቀት እየቆረጠ ይፈተናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አልቆርጥ ሲል ብሎኑን በማጥበቅ ነው። ሁለቱ ስለቶች እንደ ጥሩ መቀስ ዳሰስ ብቻ ሊያደርጉ ይገባል፤ ተጣብቀው ከተፋጩ በጥቂት ቀናት ይበላላሉ፤ ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ደግሞ ምትክ ስለት በቀላሉ አይገኝም።

የመኪናውን ልክ ማወቅም ያሻል። በሱሉልታ ሜዳ ከክረምት በኋላ ለድርቆሽ የሚታጨደው ረጅም ሣር የዚህ መኪና ሥራ አይደለም፤ ሲሊንደሩ ረጅሙን ሣር አስተኝቶት ያልፋል። ለዚያ ማጭድ ይሻላል። ውሃ ያቆረ መስክም ጎማውን ስለሚያንሸራትተው ስለቱ ይቆማል።

ባዲንግ የመኪናውን ገበያ ለፌራቢ ትቶ ወደ ደርስሊ ሄደ፤ በዚያም በጆርጅ ሊስተር ፋብሪካ የሱፍ ማበጠሪያ መኪናዎችን ሲያሻሽል ቆየ። አፉ በብሎን እየጠበበና እየሰፋ የሚሠራ መፍቻም ሠርቷል፤ ዛሬ ማጨጃውን የሚፈታ ሠራተኛ በእጁ የሚይዘው የዚያ መፍቻ ቤተሰብ ነው። በ1846 በዚያው በደርስሊ በ50 ዓመቱ ገደማ አረፈ። በተከረከመ ሣር ላይ የሚካሄደው የሜዳ ቴኒስ የተስፋፋው በ1870ዎቹ፣ የራንሰምስ ባለ ቤንዚን ማጨጃ ለገበያ የቀረበውም በ1902 ነበረና፣ ሁለቱንም አላየም።