የንግሥቲቱ ሽጉጥ እና የመቅደላው ንጉሥ

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ ቀጥ ብሎ በሚነሣው የመቅደላ አምባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አንድ ጥይት ተተኮሰ። ጥይቱ የወጣባት ሽጉጥ በወዳጅነት ስም ባሕር ተሻግራ የመጣች ገጸ በረከት ነበረች። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ሽጉጧን የላኩት፣ አጼ ቴዎድሮስ ለቆንስላቸው ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና እንደሆነ በተለጠፈባት የብር ሰሌዳ ላይ ተቀርጿል።

አጼ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት የቋራው ካሣ ኃይሉ ነበሩ። ባላንጣዎቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይንቋቸው ነበር። የመሣሪያን ነገር ያስተማራቸው ግን ንቀቱ ሳይሆን ሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር አካባቢ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍ ተመቱ። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብ ብለዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ሲጭኑም ይህ ሐሳብ ከልባቸው አልወጣም።

በዚያ ዘመን በሌላው ዓለም የጦር መሣሪያ በፍጥነት ይለዋወጥ ነበር። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ጥይት መያዣው እየተሽከረከረ ደጋግሞ የሚተኩስ ሽጉጥ ሠርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1836 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በ1851 ደግሞ ለንደን ላይ በተደረገው ታላቅ ዐውደ ርእይ አሳየው። አሠራሩ ለዛሬ ሰው አድካሚ ይመስላል። በእያንዳንዱ ጎሬ ባሩድና የእርሳስ አረር ይጠቀጠቃል፤ ከኋላም ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደረግበታል። ቢሆንም አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና ከሚጎርሰው ጠመንጃ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነበር። የአሜሪካ ምዕራብ ሰፋሪዎች ወገባቸው ላይ ያንጠለጠሉት፣ ዛሬም የጥንት መሣሪያ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚያወጡበት ይህ ዓይነቱ ሽጉጥ ነው።

ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አካባቢ በሽፍቶች ተገደለ። የተተካው ቆንስል ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ንጉሡ ሲመጣ ጥንዱን ሽጉጥ ይዞ ቀረበ። ንጉሡ ስጦታውን በደስታ ተቀበሉ። በዚያው ጥቅምት ወር ወዳጅነታቸውን የሚገልጽና መልእክተኞቻቸው የሚያልፉበትን መንገድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለንግሥቲቱ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጥረው በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩት። ሽጉጥ የላከ መንግሥት ለወረቀት መልስ መንሣቱ እሳቸውን ብቻ ሳይሆን ማንንም ያስገርማል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ንጉሡ የሚፈልጉት የተሠራ መሣሪያ ብቻ አለመሆኑ ነው። መሣሪያ ከሰው እጅ የሚለምን አገር እስከ መቼም ለማኝ እንደሚሆን ገብቷቸው ነበር። ስለዚህ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲያፈሱ አስገደዱ። ሰዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ እንጂ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። ሲከሽፍ እንደገና እየሞከሩ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። ንጉሡ ከእንግሊዝም ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀው ነበር። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጥተው፣ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ከዚያው ተመለሱ።

የወሎ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ በሁለት ልብ ቢሰማው አይፈረድበትም። አጼ ቴዎድሮስ ወታደሩ ገበሬው ላይ እንዳያርፍ ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞክረው ነበር። የወሎ ዘመቻ ግን ማብቂያ አልነበረውም፤ የሠራዊቱም ቀለብ ከገበሬው ጎተራ ነበር የሚወጣው። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት አገር ሲያልፉ፣ ንጉሡ አምባው ላይ ታስሮ የነበረውን የወርቂትን ልጅ አስገደሉ። እንግሊዞች ሲመጡ አገሬው ለንጉሡ ያልቆመበት ምክንያት ከዚህ ይጀምራል።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ፣ ዐለት እየተፈለጠ መንገድ እየወጣ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጡ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ዛሬም በዚያ ሸለቆ በቅሎ ጭኖ የወጣ ሰው ድካሙን ይገምተዋል። መጋቢት ላይ አምባው ደረሱ።

የጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮች በ44 ዝሆኖች እየታገዙ ከዙላ ወደብ ተነሥተው በሽሎን ተሻገሩ። ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል የንጉሡ ሰዎች ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ሴባስቶፖልም ያን ቀን አልጠቀመም።

ንጉሡ እስረኞቹን ፈቱ። ለፋሲካም 1,000 ላምና 500 በግ ለናፒየር ላኩ። በአገራችን ልማድ ፍሪዳን የተቀበለ ታርቋል። ናፒየር ግን ስጦታውን መለሰ፤ ያለ ሁኔታ እጃቸውን እንዲሰጡም ጠየቀ። በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጦሩ በሩን ሰብሮ ሲገባ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሬሳቸውን ያገኙት ወታደሮች ሽጉጧን አንሥተው ሲያዩ በብሩ ሰሌዳ ላይ የገዛ ንግሥታቸውን ስም አነበቡ።

ከዚያ በኋላ ዘረፋ ሆነ። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ዘውዶችና ጽዋዎች በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረቡ፤ አምባውም ተቃጠለ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ መቃብሩ ዊንዘር ነው። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጸጉር ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ሴባስቶፖልን ግን ማንም አልወሰደውም። አምሳያው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ዋናው እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው።