መጥረጊያ ይዞ የተማረው አብራሪ

 

ስለ በረራ ሲነሳ ብዙዎቻችሁ ቶሎ የምታስታውሱት ዐባስ ኢብን ፊርናስን ነው፤ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር የሞከረውን። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን በዘመንም በቦታም ለእኛ ስለሚቀርብ ሰው ነው። ሙስሊም አልነበረም፤ ኢትዮጵያ ውስጥም አልተወለደም። ይሁን እንጂ ዕውቀቱንና ዕድሜውን ለዚህች አገር ሰጥቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀብሯል። ስሙ ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ይባላል። ከመካከላችሁ በር ተዘግቶብኛል ብሎ የተቀመጠ ካለ፣ ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ጆን የተወለደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ሳይሆን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ነው፤ ያደገውም ጋልፍፖርት በምትባል የሚሲሲፒ የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተ እናቱና የእንጀራ አባቱ አሳደጉት። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ፣ ጥቁር መሆን ማለት የምትማሩበት ትምህርት ቤት፣ የምትቀመጡበት ወንበር፣ የምትይዙት ሥራ ሁሉ ቀድሞ በሌላ ሰው ተወስኖላችሁ መኖር ማለት ነበር። ጆን ተስኪጊ በተባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተማረ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄዶ ቺካጎ ከተማ ውስጥ በጋራዥ ሥራ ይተዳደር ጀመር። ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነበር።

በቺካጎ ከርቲስ ራይት የተባለ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ጆን አመለከተ፤ በቆዳው ቀለም ምክንያት አልቀበልም አለው። እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሱ እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። ተማሪዎቹ ተቀምጠው ሲማሩ እሱ መጥረጊያውን ይዞ ክፍሉን እያጸዳ ያዳምጣል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ይይዛል። ወንበር ተከለከለ እንጂ ጆሮውን የከለከለው አልነበረም።

የሰማውን ግን ለብቻው አልያዘውም። የሙያ ጓደኛውን ኮርኔሊየስ ኮፊንና መሰሎቹን ሰብስቦ የጥናት ቡድን አቋቋመ። መምህር አልነበራቸውም፤ አውሮፕላንም የላቸውም። ስለዚህ አውሮፕላኑን ራሳቸው ለመሥራት ተነሱ።

በዚያን ጊዜ እዚያው ቺካጎ ኤድ ሂዝ የሚባል ሰው ሂዝ ፓራሶል የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ነድፎ፣ ገዢው ቤቱ ውስጥ እንዲገጣጥማት ክፍሎቿን በሳጥን ይሸጥ ነበር። ዋጋዋ ያለ ሞተር ከ200 ዶላር በታች ነው። አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች። ክንፏ እንደ ጥላ ከአብራሪው ራስ በላይ በድጋፎች ተሰቅሎ ይቆማል፤ ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው። የአካሏ አጽም ከቀጭን የብረት ቱቦ፣ የክንፏ አጥንት ከእንጨት ይሠራል። ከዚያ ጨርቅ ይለብስና ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ እስኪወጠር ድረስ በልዩ ቅብ ይቀባል።

ሞተሩስ? የሞተር ሳይክል ሞተር ነው። ጆንና ጓደኞቹም የሞተር ሳይክል ሞተር ወስደው ለበረራ አዋሉት። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ ነዳጅ ይሰጠዋል፣ ይቀነስለታል፣ ያርፋል። አውሮፕላን ላይ ግን ያው ሞተር ከመሬት እስኪነሳ ድረስ ባለው ኃይል ሁሉ መሥራት አለበት። መንገድ ላይ ሞተር ቢጠፋባችሁ ዳር ይዛችሁ ትቆማላችሁ፤ አየር ላይ ዳር የለም። ስለዚህ አንድ ብሎን ሲያጠብቁ፣ አንድ የእንጨት መጋጠሚያ ሲያጣብቁ፣ የሚያስቡት በዚያ ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ነፍስ ነበር። እኛ አማና የምንለው ይህንን ነው። ኢትቃን፣ ሥራን አጥርቶ መሥራት ስንል ደግሞ ማንም በማያየው መጋጠሚያ ላይ የሚደረገውን ጥንቃቄ ማለታችን ነው።

በጥቁር መካኒኮች እጅ የተገጣጠመችው አውሮፕላን በረረች። አሠሪያቸውም መብታቸው እንዲከበር ከጎናቸው ቆመ። በመጨረሻ ያ ትምህርት ቤት ጆንንና ኮፊን ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስሙ፦ ትምህርት ቤቱ ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ እነሱኑ መምህር አደረጋቸው። መጥረጊያ ይዞ ይቆምበት በነበረው ቤት ጠመኔ ይዞ ቆመ።

ፈተናው ግን አላለቀም። በአካባቢው ያሉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ጥቁር አብራሪዎችን ስለማይፈልጉ፣ እሱና ጓደኞቹ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር መሬት ደልድለው የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤታቸውን አፈረሰው። ሌላ ቦታ ፈልገው እንደገና ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ፣ አሜሪካ የተማረው ዶክተር መላኩ በያን ጆንን አግኝቶ ለአገራችን እንዲሠራ ጋበዘው። መጣ፤ በዚያው ክረምትም የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። አየር ኃይል ስንል ብዙ እንዳትጠብቁ። አውሮፕላኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ፖቴ 25 የተባሉ የፈረንሳይ ሥሪቶች ናቸው። ከኢጣሊያ ጋር አየር ላይ መዋጋት የማይታሰብ ነበር። ሥራቸው መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፍም የሚደገፍበት ያንሰዋል፤ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል። መለዋወጫ እንደልብ አይገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ ከጀግንነት በፊት የሚፈለገው መካኒክነት ነው፤ የጆን የጋራዥ እጅ የጠቀመንም እዚህ ላይ ነው።

ጁምዓን በኒ መስጂድ ሰግዳችሁ በፒያሳ ስታልፉ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ታያላችሁ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የዓድዋን ከተማ በቦምብ ሲደበድቡ ጆን እዚያው ነበር። ያኔ የአዲስ አበባ እምብርት አራዳ ነበር፤ ገበያውም ወሬውም እዚያ ነው። አራዳ ላይ የጦር ሜዳ ወሬ በሚናፈስበት በዚያ ሰዓት፣ በግንባርና በዋና ከተማው መካከል መልእክት ይዞ የሚመላለሰው ይህ ሰው ነበር። በአሜሪካ ጋዜጦች ቡናማው ኮንዶር የሚል ቅጽል ስም አወጡለት፤ ኮንዶር ትልቅ የአሞራ ዓይነት ነው።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ቀላል አውሮፕላን ሠርቶ ነበር፤ በንጉሡ ልጅ ስም ፀሐይ የተባለችውን። ጣሊያኖች ማርከው ወሰዷት፤ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላን በዚህች ከተማ የመሥራት ሐሳብ ትናንት የተጀመረ አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ ጆን ወደ ቺካጎ ተመለሰ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተቀበለው። በዝናው መኖር ይችል ነበር፤ እሱ ግን የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ ጥቂት ጥቁር ባለሙያዎችን ይዞ ዳግም ኢትዮጵያ መጣና የእኛን ልጆች ማሠልጠን ጀመረ። ሰው ነውና እንከን ነበረበት፤ በኋላ አየር ኃይሉን እንዲመራ ከመጣው ስዊድናዊ ጋር ተጋጭቶ ከኃላፊነቱ ወጣ። ግን አኩርፎ አገሩ አልገባም፤ አዲስ አበባ ቀረ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለሆስፒታል ደም ለማድረስ በቀላል አውሮፕላን ተነሳ። አብሮት የበረረው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ነበር፤ ሲዋጋው ከነበረው አገር የመጣ ሰው። አውሮፕላኑ ወደቀ። አደጋው የሁለቱንም ሕይወት አሳጣ፤ ጆን ለቀናት ቆይቶ አረፈ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ትምህርት ቤቱ በሩን መዝጋቱ በደል ነበር፤ መጥረጊያውን ስናወሳ በዳዩን እያመሰገንን አይደለም። የምናስተውለው ተበዳዩ ያደረገውን ነው። የተሰጠው ቦታ ጥግ ላይ ነበር፤ እሱ ግን ጥጉን ክፍል አደረገው። የሰማውን ለጓደኞቹ አካፈለ፣ በጋራ በእጃቸው ሠሩበት፣ በሩ ሲከፈትም ከኋላው ላሉት ክፍት አድርጎ ያዘው።

ከእናንተ መካከል ጋራዥ የምትውሉ፣ ፒያሳ ሰዓትና ስልክ የምትጠግኑ፣ የፈለጋችሁት የትምህርት ክፍል ሳይደርሳችሁ የቀረ ብዙ ናችሁ። በዚህ ሳምንት ካለችሁበት ቦታ የሚሰማ አንድ ዕውቀት ፈልጉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተማሩት። ከዚያ አንድ ነገር ሥሩበት፤ የማይታየውንም ብሎን አጥብቁት።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን፣ የተጣራ ሥራንም ይወፍቀን። መልካም ጁምዓ።