ቦቬሪና የተበላሸው ቅርጫ

ጌዶ ላይ ለበዓል በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲመደብ ያየ ሰው ቴዎዶር ቦቬሪን ለመረዳት ብዙም አይቸገርም። በቅርጫ ቁም ነገሩ የሥጋው ብዛት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ መደብ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከሽንጡም ሊደርሰው ይገባል። ለአንዱ መደብ ጉበት ሁለቴ ደርሶ ሌላው ጭራሽ ካጣ ጠብ ይነሳል። ይህ ጀርመናዊ እንዲህ ዓይነት ጠብ በሴል ውስጥም እንደሚነሳ፣ መጨረሻውም ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈ ሰው ነው።

ቦቬሪ በ1862 ባምበርግ ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሐኪም ነበሩ። ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የገባው ታሪክና ፍልስፍና ሊማር ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዞረ። ዲፓርትመንት መቀየር የእኛ ዘመን ተማሪ አመል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መጀመሪያ ያጠናው የፈረስ አንጀት ትልን ነው። የዚህ ትል ክሮሞሶሞች፣ ማለትም የዘር መረጃ የተጠቀለለባቸው ክሮች፣ ጥቂት ስለሆኑ በማይክሮስኮፕ ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል። በ1888፣ እኛ አገር ክፉ ቀን በገባበት ዓመት፣ ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞቹ በየአቅጣጫው የሚጎተቱበትን ነጥብ ሴንትሮሶም ብሎ ሰየመው። ከ1893 ጀምሮ በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ትልቁ ሙከራው ግን ጣሊያን፣ ኔፕልስ ባሕር ዳር ነው የተሠራው። እሾሃም ከሆነችው የባሕር ጃርት እንቁላል ወስዶ አንዱን እንቁላል በሁለት የወንድ ዘር አዳበረው። እንዲህ ያለው እንቁላል ሦስት ድርሻ ክሮሞሶም ይዞ በአንድ ጊዜ አራት ቦታ ይከፈላል። ሦስት ለአራት እንዴት ይዳረሳል? አብዛኞቹ ሽሎች ቅርጻቸው ተበላሽቶ ሞቱ። ቦቬሪ በ1902 ከዚህ ተነስቶ እያንዳንዱ ክሮሞሶም የየራሱ ሥራ እንዳለውና ስብስቡ ካልተሟላ ዕድገት እንደሚዛባ አሳየ።

በ1914 ደግሞ ስለ ዕጢ አነስ ያለች መጽሐፍ አወጣ። ዕጢ ክሮሞሶሞቿ ከተዛቡባት ከአንዲት ሴል ይነሳል፤ መራባትን የሚገፋፉና የሚገቱ ክሮሞሶሞች አሉ፤ የሚገታው ሲጠፋ ሴሏ ያለ ልክ ትራባለች የሚል ነው ሐሳቡ። በዕጢ ላይ ራሱ ሙከራ አልሠራም፤ ከባሕር ጃርትና ሌሎች በዕጢ ላይ ካዩት ነገር ተነስቶ ነው የገመተው። ብዙዎች በጥርጣሬ አዩት። በእኔ አስተያየት ግን ድፍረቱ እዚህ ላይ ነው።

ግምቱ ምን ያህል እንደያዘ የቆሽት ካንሰር ጥሩ ማሳያ ነው። እኛ ስንናደድ ቆሽቴ አረረ እንላለን፤ እውነተኛው ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተደብቆ ኢንሱሊንና ምግብ የሚያልም ፈሳሽ ያመነጫል። በመደበቁም ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተሰራጨ በኋላ ነው። በዋናው ዓይነት የቆሽት ካንሰር ከ10 ታማሚ በ9ኙ ገደማ ኬራስ የተባለው ጂን ተለውጦ ይገኛል፤ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ እንደቀረ መኪና በሉት። በአብዛኞቹ ደግሞ ፒ53 የተባለው ጠባቂ ጂን ይበላሻል። ጠባቂው ሲወድቅ የተጎዳ ሴል የሚያስቆመው የለም፤ ክሮሞሶሞች ይሰበራሉ፣ ይጠፋሉ፣ ይደራረባሉ። በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ በብዙ የቆሽት ዕጢዎች ስብርባሪው ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ እንደሚደርስ አመለከተ። ቦቬሪ ይህን አላየም። በሰው ሴል ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች 46 መሆናቸው እንኳ የተረጋገጠው በ1956 ነው።

በ1913 በርሊን ላይ የትልቅ ተቋም ኃላፊነት ቢሰጠውም በሕመም ምክንያት ሳይቀበል ቀረ። ጥቅምት 1915 ላይ፣ ጦርነቱ መሐል፣ በ53 ዓመቱ ሞተ። አንድ ልጁ ማርግሬት በኋላ በጀርመን ስመ ጥር ጋዜጠኛ ሆናለች፤ የኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ከአባትየው ይልቅ እሷን ቢያውቅ አይገርምም። ባለቤቱ ማርሴላ፣ እሷም አሜሪካዊት የሥነ ሕይወት ሊቅ፣ ወደ አገሯ ተመልሳ የዕጢዋን መጽሐፍ በ1929 በእንግሊዝኛ አወጣችው።