እጃችሁን ታጠቡ ያለው ሐኪም

ዛሬ የዶክተር ኢግናዝ ዜመልቫይስን የሕይወት ታሪክ አቀርብላችኋለሁ።

ዜመልቫይስ በ1818 እ.ኤ.አ. ሀንጋሪ ውስጥ ቡዳ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በ1846 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ትልቁ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። እዚያ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። የሚገርመው ግን በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በሐኪሞቹ ክፍል ይበዙ ነበር። እናቶቹም ይህን ሰምተው እዚያ ላለመግባት ተንበርክከው ይለምኑ ነበር።

እሱም አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ። በመጨናነቅ ይሆን? አይደለም፣ የአዋላጆቹ ክፍል ይበልጥ ይጨናነቃል። በአየሩ ይሆን? አየሩ ለሁለቱም አንድ ነው። ቄሱ ደወል እያስደወሉ ሲያልፉ እናቶቹ ደንግጠው ይሆን? ቄሱ በሌላ መንገድ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ለውጥ የለም።

በ1847 ጓደኛው ዶክተር ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር ጣቱ በቢላ ተቆረጠና ታሞ ሞተ። የሕመሙ ምልክት ልክ እንደ እናቶቹ ነበር። ያኔ ገባው! ሐኪሞቹ አስከሬን ነክተው በዚያው እጃቸው ያዋልዳሉ፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። ስለዚህ ሁሉም ክሎሪን ባለበት ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በኤፕሪል ወር ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ በጁን ወደ 2 ወረደ።

ሁሉም ያመሰገነው ይመስላችኋል አይደል? ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። የተማሩ ሰዎች እኮ ናቸው! ግን ያኔ ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልታወቀም ነበር። ደግሞም እሱን ማመን ማለት እናቶቹ የሞቱት በእኛ እጅ ነው ብሎ ማመን ነው። ይሄ ለሰው ይከብዳል። ዜመልቫይስ ግን በራሱም እጅ ምክንያት ብዙ እናቶች እንደሞቱ አምኖ ጽፏል።

እሱም ጥፋት ነበረበት። መጽሐፉን እስከ 1861 አላሳተመም፤ ያላመኑትንም ይሳደብ ነበር። ሰው ሲሰደብ ደግሞ የድሮ ሐሳቡን ጭራሽ አይለቅም። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ በ47 ዓመቱ ሞተ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ትክክል እንደነበረ በኋላ የፓስተርና የሊስተር ሥራ አሳየ።

ይህን ሳነብ ባለፈው ሳምንት ከጓደኛዬ ጋር በአንድ የሒሳብ ጥያቄ የተከራከርነው ትዝ አለኝ። ልክ እሱ ነበር። ቤት ገብቼ ስሠራው አወቅኩ፣ ግን አፍሬ ዝም አልኩ። ይሄ መጽሔት ከመለጠፉ በፊት እነግረዋለሁ።